በአዳዳ ድምፅ የሚጣራ ሰዓት

ሞቱማ አንድ ክረምት ሙሉ ሰዓትና ካሌንደር ፍለጋ ተንከራትቷል ቢባል ማን ያምናል? ከልደታ ማርያም እስከ ጠመንጃ ያዥ ድረስ የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ካሌንደር ያልሰቀለ ሱቅ አልነበረም፤ የቻይና ሰዓትም አስፋልት ዳር ላስቲክ ላይ ተዘርግቶ እንደ ድንች ይሸጥ ነበር። እሱ የፈለገው ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተር ላይ የመስኮቱን ጥግ ይዞ የሚቀመጥ፣ ቀኑን የሚያሳይ፣ ቀጠሮ ሲደርስ የሚጮህ ፕሮግራም ፈለገ። ያውም ሰው ሁሉ በለመደው ዊንዶስ ላይ ሳይሆን ብዙ ሰው በማያውቀው ሊኑክስ ላይ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

የሚሠራው አቶ ኢዶሳ ዘንድ ነበር። አቶ ኢዶሳ ከልደታ ፍርድ ቤት አጥር ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚሠሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ጠበቃ ናቸው። ሞቱማ የኮምፒውተር ዲፕሎማውን ይዞ ሥራ አጥቶ ሲዞር ጸሐፊያቸው አድርገው ቀጠሩት። በ1999 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከአንድ ጽሕፈት ቤት በፍላሽ የመጣ ቫይረስ የአቶ ኢዶሳን የክስ ጽሑፎች ሙልጭ አድርጎ በላ። ሞቱማን እልህ ያዘው። ዊንዶስን ነቅሎ ሊኑክስ ጫነ። ቫይረሱ ቀረ፤ አብሮት ግን የለመዱት ነገር ሁሉ ቀረ።

«እኔ ሰኔና ሐምሌ አይደባለቁብኝ እንጂ ሌላው ያንተ ጉዳይ ነው» አሉ አቶ ኢዶሳ።

ሰኔና ሐምሌ ተደባልቀውባቸው አያውቁም ነበር። ማተሚያ ቤት ለአዲስ ዓመት የሚያድለውን፣ የእኛንም የፈረንጁንም ቀን አጣምሮ የያዘውን ትልቅ ካሌንደር ከጠረጴዛቸው ፊት ለፊት ሚስማር ላይ ይሰቅላሉ። ቀጠሮ ሲሰጣቸው የደንበኛውን ስም በዚያው ቀን ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ። ጠዋት ሲገቡ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ መጀመሪያ እሱን ያነባሉ። በጥብቅና ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ሠርተው አንድ ቀጠሮ አላለፋቸውም። ሞቱማ ግን ያን ካሌንደር ባየ ቁጥር ያፍር ነበር፤ ለእሳቸው ነበር የሚያፍርላቸው። ወጣትነት እንዲህ ነው፤ ደህና የሚሠራውን ነገር አሮጌ ስለሆነ ብቻ ይንቃል።

ቢላል የሚባል ጓደኛው ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ ኢንተርኔት ቤት ነበረው። ሞቱማ የምሳ ሰዓቱን እዚያ ማሳለፍ ጀመረ። መስመሩ ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይጠፋል። አንዱ ካሌንደር የጨረቃዋን ሙላትና ጉድለት አሳምሮ ያሳያል፤ ደወል የለውም። ሌላው ደወል አለው፤ ቀን አያውቅም። አንዱን ስንት ለፍቶ አውርዶ ቢከፍተው ጀርመንኛ ሆኖ ተገኘ። ሌላው ደግሞ መጮህ ጀምሮ ማቆም አቃተውና የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቅለው ገላገሉት።

«ጀለሴ፣ ሰዓት ፍለጋ ነው እንዲህ የምትሰቃየው?» አለው ቢላል። «መርካቶ ልውሰድህና አንዱን ግዛ። ዶሮ ያለበትም አለ። ዶሮዋ ትጮሃለች።»

«ሳቅ አንተ። ቆይ ታየዋለህ።»

ነሐሴ ላይ አገኘው። አንድ ፈረንጅ ለራሱ ሠርቶ ለሰው ሁሉ በነፃ የለቀቀውና ኋላ የዘነጋው ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ካሌንደርም ነው፣ ደወልም ነው፤ ደግሞ ሆድ ዕቃው ክፍት ነው፣ የፈለገ ገብቶ እንደሚመቸው ይለውጠዋል። መግቢያው ላይ ማስጠንቀቂያ አለው። ይጠቅማችኋል በሚል ተስፋ ሰጥቻችኋለሁ፤ ዋስትና ግን አልሰጥም፤ ለሚደርሰው ጉዳት አልጠየቅም ይላል። ሞቱማ ይህን አንብቦ ሳቀ። ሰዓት ደግሞ ምን ጉዳት ያደርሳል ብሎ አለፈው።

ገብቶ አበሻ አደረገው። ሰዓቱን እንደ እኛ ከማለዳ እንዲቆጥር አደረገ። ለቀኑ ደግሞ ሠንጠረዥ ሠራ፤ ለእያንዳንዱ የፈረንጅ ወር ስንት ቀን ቢቀነስለት የእኛን ቀን እንደሚሰጥ ጽፎ አስገባ። የቀረው ድምፁ ነበር። የፈረንጁ ደወል እንደ ፖሊስ ፊሽካ ጆሮ ይበሳል። ሞቱማ ድምፁን ከአዳዳ ወሰደ።

አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ስሟ ደሚቱ ነው፤ እናቱ ስትሞትበት ከአምቦ አምጥታ ጠመንጃ ያዥ ባለው ቤቷ ያሳደገችው እሷ ናት። ልጅ አልወለደችም፤ ልጇ እሱ ነው። ተማሪ በነበረባቸው ዓመታት ሁሉ በየማለዳው ከጓዳ ሆና «ሞቱማ፣ ካኢ፤ ረፈደ» እያለች ትቀሰቅሰው ነበር፤ ካኢ ማለት ተነስ ማለት ነው። ያንኑ አስብሎ በሞባይሉ ቀዳትና ከፕሮግራሙ ጋር አገናኘው። አዳዳ ቢሮ መጥታ ኮምፒውተሩ በሷ ድምፅ ሲጣራ ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ሸፍና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ከእንግዲህ አንተን ብቻ አይደለም የምቀሰቅሰው በለኛ» አለች። «ጠበቃውንም ጨመርክልኝ።»

ጠበቃው ለሷም ጉዳይ መንቃት ነበረባቸው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የባሏ ወንድም ኦልጅራ ቤቱ የአባቴ ነው፣ ልሸጠው ነው ብሎ ተነስቶባታል። ቤቱን አዳዳና ባሏ ጭቃውን በገዛ እጃቸው እየመረጉ ነው የሠሩት፤ ያን የሚያውቁ ሁለት ጎረቤቶች ለምስክርነት ተዘጋጅተዋል። አቶ ኢዶሳ ከሰሱላት፤ ክሱ እስኪያልቅም ቤቱ እንዳይሸጥ እግድ አወጡላት። በአዳዳና በጎዳና መካከል የቆመው ያ እግድ ብቻ ነበር።

ሚሊኒየሙ ገባ። ከተማው በርችት ተናወጠ። ፈረንጆቹ የራሳቸው ሁለት ሺህ ሲመጣ ኮምፒውተር ያብዳል ብለው ዓለሙን ሲያስጨንቁ ከርመው ምንም ሳይሆን አለፈላቸው፤ የእኛ ሁለት ሺህ ሲመጣ ስለ ኮምፒውተር ያሰበ ሰው አልነበረም። ማተሚያ ቤቱ እንደ ልማዱ ካሌንደር ላከ።

«ጋሼ፣ ይኼ ከእንግዲህ ምን ያደርግልዎታል?» አለ ሞቱማ። ጠቅልሎ ለጥበቃው ሰጠው። አቶ ኢዶሳ ባዶውን ሚስማር ጥቂት አዩና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ከክረምቱ ዕረፍት በኋላ ጥቅምት ላይ ችሎት ሲከፈት ኮምፒውተሩ ተጣራ። አቶ ኢዶሳ ካባቸውን ይዘው ፍርድ ቤት ገቡ፤ ቀጠሮው ግን የነገ ነበር። ተመልሰው ሳቁ። «ቀድሞ መገኘት አያስቀጣም» አሉ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ሳቅ ነው። ሞቱማ አፍሮ ሠንጠረዡን ከፈተ። ነገሩ ወዲያው ገባው። ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ ስድስት ሆናለች፤ አዲሱ ዓመትም በፈረንጅ አቆጣጠር አንድ ቀን ዘግይቶ ነው የገባው። እንግዲያው ሠንጠረዡ ከሚቀንሰው በላይ አንድ ቀን መቀነስ ነው። ቀነሰ።

«በሌላውም ወር እንዳያስቸግረን» አሉ አቶ ኢዶሳ።

«ለአሥራ ሁለቱም ወር አስተካክዬዋለሁ» አለ ሞቱማ ኮራ ብሎ።

ለአሥራ ሁለቱም። ጥፋቱ ይህችው ናት። ፈረንጆቹም በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ መጨረሻ የራሳቸውን አንድ ቀን ይጨምራሉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱ አቆጣጠሮች ይታረቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ በተጨማሪ የሚቀነስ ቀን የለም፤ የሞቱማ ሠንጠረዥ ግን መቀነሱን ቀጥሎ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ማንኛውም ካሌንደር አታሚ ያውቀዋል። ሞቱማም ቢጠየቅ ያውቀዋል፤ የጠየቀው የለም፣ ራሱንም አልጠየቀም። ክረምቱን ሙሉ የለፋበት ነገር ስለሠራለት ልቡ አብጦ ነበር። እስከ የካቲት ደወሉ አንድም ቀን አልሳተም። አቶ ኢዶሳም ቀን መቁጠሩን ተዉት፤ ጠዋት እንደገቡ ባርኔጣቸውን ማውለቅ ለመዱ።

የአዳዳ ምስክሮች የሚሰሙበት ቀን ለየካቲት 24 ተቀጥሮ ነበር። በዚያ ዓመት የየካቲት 23 በዓል እሑድ ዋለ። ባንዲራ ተሰቀለ፣ ቴሌቪዥኑም ቀኑን ሙሉ ሲፎክርና ሲያቅራራ ዋለ። በማግስቱ ሰኞ አቶ ኢዶሳ ቀጠሮ የለብኝም ብለው ለሌላ ጉዳይ በማለዳ ደብረ ዘይት ሄዱ። ሞቱማ ቢሮውን ከፍቶ ሲጠርግ አዳዳ በሩ ላይ ቆመች። ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ጫማዋን ወልውላለች። ሁለቱ ምስክሮች ከኋላዋ ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል።

«ዛሬ ነው አይደል?» አለች።

ሞቱማ መጥረጊያውን እንደያዘ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። በስሟ አንጻር «ነገ» የሚል ተጽፏል።

«ነገ ነው አዳዳ።»

«ዛሬ መስሎኝ ነበር እኮ።»

«ኮምፒውተሩ አልተጣራም። ራስሽ ሳትጠሪን እንዴት ትመጫለሽ?» ብሎ ሳቀ።

አዳዳ ጣቶቿን አንድ ሁለቴ አጠፍ ዘርጋ አደረገች። ትናንት የዋለውን በዓል ይዛ ስትቆጥር ነበር፤ ግን ሳትጨርሰው ተወችው። ያስተማረችው ልጅ ነው፤ ያስተማረችውም እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

«እንግዲህ አንተ ካልክ» አለች። «እነሱንስ ምን ልበላቸው?»

«ነገ ይምጡ በያቸው።»

ሰው ዓይኑን ለማሽን ካዋሰ ትናንት ያየውን ባንዲራ እንኳ አያይበትም። ሞቱማ መንገዱን ስትሻገር፣ ምስክሮቹን ስታናግር፣ ሦስቱም ወደ ጠመንጃ ያዥ አቅጣጫ ሲመለሱ በመስኮቱ አያቸው፤ ከዚያ ጠረጋውን ቀጠለ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል የሌላ ደንበኛ ቀጠሮ ሊያስገባ ወሩን በሙሉ ከፈተው። ኮምፒውተሩ ዛሬን በቀይ ቀለም አጥሮታል፤ በዓል ነው ይላል። ሞቱማ መጀመሪያ አልገባውም። ቀዩን አየ፤ ሰኞ የሚለውን አየ፤ የትናንቱ ፉከራ ጆሮው ውስጥ መጣ። በዓሉ ትናንት ከነበረ ዛሬ 24 ነው። ቢሮውን ሳይዘጋ ሮጠ።

ችሎቱ ደጃፍ ሲደርስ ኦልጅራ ከጠበቃው ጋር እየወጣ ነበር። ሞቱማን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

«ምነው፣ ደሚቱ አመማት እንዴ?» አለው። የምሩን ነበር የጠየቀው፤ ያ ነው ይበልጥ የመረረው።

ከሳሽም የከሳሽ ጠበቃም ባለመቅረባቸው መዝገቡ ተዘግቷል፤ እግዱም ተነስቷል። ደጃፉ ላይ ስም የሚጠራው ሠራተኛ ይህን ነግሮት ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። ሞቱማ እዚያው ግድግዳውን ተደግፎ ቆየ። የምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ወደ ጠመንጃ ያዥ የሄደው።

አዳዳ ጥልፍ ቀሚሷን አላወለቀችም ነበር። ምስክሮቿን ምሳ ጋብዛ ሸኝታ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ሞቱማ ቆሞ ነገራት። ስለ ጳጉሜ፣ ስለ ፌብሩዋሪ፣ ስለ ሠንጠረዡ ብዙ አወራ። እሷ ቢላዋዋን አስቀምጣ አውርቶ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ዛሬ ነበር ማለት ነው» አለች።

«ዛሬ ነበር።»

«እኔም ዛሬ መስሎኝ ነበር» አለችና ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። ብትሰድበው በወደደ።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስቱም ቢሮ ተቀመጡ። አቶ ኢዶሳ አልጮሁም። ባርኔጣቸውን ግን አላወለቁም ነበር።

«መዝገቡ እንዲከፈት እናመለክታለን» አሉ። «ለመቅረታችን ግን በቂ ምክንያት ማቅረብ አለብን።»

«ምክንያቱ እኔ ነኝ» አለ ሞቱማ።

«የጠበቃው ጸሐፊ ቀን ተሳሳተ ቢባል ማን ይቀበላል? ጥፋቱ የኔው ነው የሚሆነው፤ የምትቀጣው ግን ደንበኛዬ ናት።» ወደ አዳዳ ዞሩ። «ወይዘሮ ደሚቱ፣ ታመው ነበር ብንል ይሻላል። የሐኪም ወረቀት አይጠፋም።»

«አልታመምኩም» አለች አዳዳ። «ለብሼ ነው የዋልኩት።»

ይህን ጊዜ ኮምፒውተሩ ተጣራ። «ሞቱማ፣ ካኢ፤ ረፈደ» አለ በራሷ ድምፅ። መስኮቱ ላይ ስሟ ብቅ አለ። ሞቱማ ሊያጠፋው ሲጣደፍ ቁልፉን ሳተ፤ ደግሞ ተጣራ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አቶ ኢዶሳ ፊታቸውን ወደ ባዶው ሚስማር አዞሩ። አዳዳ ድምፁ እስኪያልቅ አዳመጠች፤ እንደዚያን ቀን ግን አልሳቀችም።

«እንዲህ ነው የምጣራው?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ታዲያ ምነው ሳትሰማኝ ቀረህ?»

ማመልከቻው ገባ። አዳዳ እምቢ ስላለች በሽታው አልተጻፈም፤ አቶ ኢዶሳ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ብለው አድበስብሰው አለፉት። ጉዳዩ በሚሰማበት ቀን ሞቱማ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዳኛው ሲጠይቋት ተነስቼ እውነቱን እናገራለሁ ብሎ ቆርጦ ነበር የመጣው። ጠቀመም አልጠቀመም እናገራለሁ ብሏል። የሚለውን ነገር መንገድ ላይ ሲያጠና ነው የመጣው።

«ለምን ሳይቀርቡ ቀሩ?» ብለው ዳኛው በቀጥታ እሷኑ ጠየቋት።

አዳዳ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞራ ሞቱማን አየችው። ከዚያ ወደ ዳኛው ተመለሰች።

«ረሳሁት» አለች።

«የቀጠሮዎን ቀን ረሱት?»

«አሮጊት ነኝ። ረሳሁት።»

እሷ ቀን ረስታ አታውቅም። የሙት ዓመት፣ የልደት፣ የዕድር፣ የእሱ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ አንዱም አምልጧት አያውቅም። ሞቱማ ይህን ያውቃል። አሁን ልነሳ፣ አሁን ልነሳ እያለ ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። መነሳት ይችል ነበር፤ ያሰረው ሰው የለም። አልተነሳም። ያ ፈረንጅ እንኳ ለሚደርሰው ጉዳት አልጠየቅም ብሎ አስቀድሞ በግልጽ ጽፎ ነበር፤ ሞቱማ ግን ያን ያህል እንኳ አልተናገረም። መርሳት በቂ ምክንያት አይደለም ብለው ዳኛው ለዘብ ባለ ድምፅ ነገሯት። አዳዳ አመስግና ወጣች።

ኦልጅራ ቤቱን ሸጠ። ገዢው አፈረሰው፤ አዳዳ የመረገችው ጭቃ በገልባጭ መኪና ተጭኖ ሄደ። ከአቶ ኢዶሳ ሚስማር ላይ የወረቀት ካሌንደር ተመልሶ ተሰቀለ። ሞቱማ ሠንጠረዡን አስተካከለው፤ ለሁሉም ዓመት ልክ እንዲሆን አድርጎ አስተካከለው፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ስቶ አያውቅም። ድምፁን ግን አጠፋው።

አዳዳ አሁን ከእሱ ጋር ናት፤ ከልደታ ማርያም ጀርባ በተከራያት አንዲት ክፍል ይኖራሉ። በማለዳ ካኢ ማለቷን ትታለች፤ እሱ በሞባይሉ ይነሳል። ለሥራ ሊወጣ ሲል ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀዋለች።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

የግቢው ሰው ይህን እየሰማ ከንፈሩን ይመጥጣል። ምስኪን፣ ቤቷንም ያጣችው በዚሁ መርሳቷ ነው ይላሉ። ሞቱማ አንድም ቀን አላረማቸውም። ቀኑን ይነግራታል። እሷም እሺ ትላለች፤ እጇ ግን በነጠላዋ ሥር ይንቀሳቀሳል። በቅርቡ የዋለውን በዓል ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ትቆጥራለች፤ የነገራት ልክ መሆኑን ታረጋግጣለች። ሞቱማ ያን ያያል። ቆጥራ እስክትጨርስ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።